የመጀመሪያው ቀን ደም

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 7

ውድ ጋሼ፣

ሰላምታውን አሳጥሪ ብለሃልና አሳጥሬዋለሁ፤ ደህና ነኝ፣ ቤቱም ደህና ነው፣ ሱቁም አልተቃጠለም። ይህን ያህል ካሳጠርኩልህ ሌላውን ባረዝመው አትቆጣኝ። ስልክ ለእኔና ለአንተ እንደማይሆን በመጀመሪያው ቀን አይተነዋል። እኔ ሳወራ አንተ «ሄሎ፣ ሄሎ» እያልክ ካርዱ አለቀ። ጆሮህ ከደከመ ዓይንህ ይሥራ። የአውቶቡሱ ሾፌር እንደሆነ ደግ ሰው ነው፤ ማክሰኞና ቅዳሜ ከዚህ ሲነሳ የእኔን ይይዛል፣ ሰኞና ሐሙስ ከዚያ ሲመለስ የአንተን ያመጣል። ትናንት ገና ሳይቆም በመስኮት «የወንድምሽ ወረቀት» ብሎ ሰጠኝ፤ የተሳፈረው ሰው ሁሉ ዞሮ አየኝ፣ ደስ አለኝ።

አንተ «እንዴት ነሽ» ሳይሆን «ምን እየነካካሽ ነው» ብለህ ነው የጠየቅከኝ። ምንም አልነካካሁም። ገና ነኝ።

ሕክምናው ሠላሳ ሦስት ቀን መሆኑን ስትጽፍልኝ ቁጭ ብዬ በጣቴ ቆጠርኩት። ቅዳሜና እሁድ ሲቀነስ እስከ ኅዳር ዐሥራ ሦስት ይሄዳል። እኔ ነገሩ የገባኝ እንዲህ ነው፤ ካልሆነ አታርመኝ። የዛሬ ስድስት ዓመት ፕሮስቴትህን በቀዶ ጥገና ሲያወጡልህ ሐኪሙ «ከእንግዲህ ይህ ፒኤስኤ የሚባለው የደም ቁጥር ዜሮ ላይ መቀመጥ አለበት፣ ከተነሳ ካንሰሩ ተነሳ ማለት ነው» አለህ። አንተም ደብተር ገዝተህ መመዝገብ ጀመርክ። አምስት ዓመት ዜሮ፣ ዜሮ ስትጽፍ ኖርክ፤ እኔም ደብተር ለማባከን ነው ብዬ ስቄብህ ነበር። ከዚያ ዜሮ ነጥብ ዜሮ ስምንት። ከዚያ ዜሮ ነጥብ አንድ ሰባት። ባለፈው ነሐሴ እዚሁ ሰፈራችን ክሊኒክ ዜሮ ነጥብ ሦስት ስምንት። ያን ቀን ደብተሩን ዘግተህ «ተመልሷል» አልከኝና ሻይህን ሳትጨርስ ወደ ሱቅ ወረድክ። አሁን እንግዲህ የቀረውን ርዝራዥ በጨረር ያቃጥሉታል፣ ቁጥሩ ይወርዳል፣ አንተ ትመጣለህ። በቃ።

ገና ከበሩ እንደገባህ፣ ጨረሩ ሳይጀመር፣ ሁለት ቱቦ ደም መቅዳታቸውን በአምስት መስመር ማማረርህ አሳቀኝ። ክንድህ ቢበልዝ የነርሷ ጥፋት አይደለም። ጥጡን ተጭኖ መያዝ የአንተ ሥራ ነው። ልጅ ሳለሁ ለእኔ ስትይዝልኝ እንኳ እያሽከረከርክ ታደማኝ ነበር። ውሃውን ግን አትቀልድበት። ሦስት ብርጭቆ ጠጥተህ፣ ፊኛህ ሞልቶ መተኛት አለብህ ካሉህ አለብህ።

አንድ ነገር ልጠይቅህ። ሚዛን የምትጠግንበት ጠረጴዛህ ላይ ካቻቪቴው፣ ጉጠቱ፣ የሞላዎቹ ሳጥን፣ የመፈተሻ ብረቶቹ ሳይቀሩ ወረቀት ተለጥፎባቸዋል። «ይህ ለትንንሾቹ ሚዛን»፣ «ይህ ዘይት አይነካውም»፣ «ይህን በባዶ እጅ አትንኪ»። ለሰባት ሳምንት ለሚሄድ ሰው ብዙ ጽሑፍ ነው። ለምንድነው?

ምላስህ
(ይህን ስም ያወጣህልኝ አንተ ነህና በሌላ አልፈርምም።)


ሐሙስ፣ ጥቅምት 9

ምላሴ፣

ዛሬ ዘጠነኛዬ ነው። አያምም። ክፍሉ ይቀዘቅዛል። ሱሪዬን ዝቅ አድርጌ እተኛለሁ፣ ማሽኑ ዙሪያዬን ይዞራል፣ እንደ ትልቅ ንብ ይጮኻል፤ ይህን እኔም እሰማዋለሁ። ከዚያ ተነስ ይሉኛል።

ከክፍሉ ፊት ለፊት አንድ ረጅም አግዳሚ ወንበር አለ። አምስት ሽማግሌዎች ውሃ ጠጥተን፣ እግራችንን አጣምረን፣ ሳንነጋገር እንቀመጣለን። ከጎኔ ያለው ጡረታ የወጣ ባቡር ነጂ ነው። እሱ ብቻ ያወራል። «አርባ ዓመት ባቡር በሰዓቱ አስገብቻለሁ። እነዚህ ሃያ ደቂቃ ካዘገዩኝ ግን ለሚደርሰው ነገር ኃላፊነት አልወስድም» ይላል። ትናንት አዘገዩት። ሱሪ ቀይሮ ተመለሰ። አንቺን ያስታውሰኛል።

ወረቀቶቹ ደንበኛ ዕቃ ሊወስድ ሲመጣ ግራ እንዳይገባሽ ነው። ሌላ ትርጉም አትስጫቸው።

ሱቁን ግን ዝጊው። ሃያ ዓመት ከፊት ተቀምጠሽ ደንበኛ አጫውተሻል፣ ደረሰኝ ቆርጠሻል። ጎበዝ ነሽ። ሚዛን ግን በጨዋታ አይስተካከልም። ሰባት ሳምንት ቢዘጋ የሚሞት ሰው የለም።

ስለ ደሙ አንስተሻል። በዐሥራ አምስተኛው ቀን እንደገና ይወስዳሉ። ጨረሩ መሥራት አለመሥራቱን ያዩበታል። እንዳወቅሁ እጽፍልሻለሁ።

ወንድምሽ


ቅዳሜ፣ ጥቅምት 18

ውድ ጋሼ፣

ሱቁን ዝጊ ብለኸኝ ዘጋሁት። አንድ ቀን ተኩል ተዘጋ። ከዚያ የሆነውን ስማ፣ ቁጣውን ለመጨረሻ አቆየው።

ጎረቤታችን ሥጋ ሻጩ ሚዛኑን እንደ ሕፃን ታቅፎ መጣና በሩን ደበደበ።

«ወንድምሽ የለም?»

«የለም። እኔ አለሁ።»

«አንቺማ መቼ ጠፍተሽ ታውቂያለሽ። ሚዛን የሚያስተካክል ሰው ነው የጠየቅሁት።»

ነገሩ ወዲህ ነው። አንዲት ደንበኛ ከእሱ ሁለት ኪሎ ሥጋ ገዝታ፣ ማዶ ካለችው አትክልት ሻጭ ዘንድ ወስዳ ብታስመዝነው ሃምሳ ግራም ጎድሎ ተገኘ። ተመልሳ በሰው ፊት ሌባ አለችው። እሱ ይህን እየነገረኝ ሳለ አትክልት ሻጯ የራሷን ሚዛን ተሸክማ ከተፍ አለች።

«የእኔ ሚዛን ልክ ነው። ልጆቼን ያሳደግሁበት ነው።»

«የእኔስ ምን ያሳደገ መሰለሽ? ውሻ?»

«እሱን ደንበኞችህን ጠይቃቸው።»

ሁለቱንም ሚዛኖች ጠረጴዛህ ላይ ጎን ለጎን አስቀመጥኳቸው። የመፈተሻ ብረቶቹን ሳጥን ከፈትኩ፤ በባዶ እጅ አትንኪ ያልከውን አንብቤ በጨርቅ ነው የያዝኳቸው። ያንኑ የአንድ ኪሎ ብረት መጀመሪያ በእሱ ላይ፣ ቀጥሎ በእሷ ላይ አስቀመጥኩ። የእሱ ዐሥር ግራም ጨምሮ ያሳያል፣ የእሷ ዐሥራ አምስት ቀንሶ ያሳያል። ሁለቱም አልሰረቁም፣ ሁለቱም ልክ አይደሉም። ይህን ስነግራቸው አፋቸውን ዘግተው እንደ ዳኛ አዩኝ። ጋሼ፣ እንደዚያ ያለ ዝምታ በሕይወቴ አግኝቼ አላውቅም። ከዚያ ክዳናቸውን ፈትቼ፣ ለሃያ ዓመት ከጀርባህ ሳይህ የኖርኩትን ብሎን እያዞርኩ አስተካከልኳቸው። አየህ፣ እያወራሁ አያለሁ። አፌ ሲሠራ ዓይኔ የሚያርፍ ይመስልሃል እንጂ።

በዚህ ሥራ ላይ አንድ ሌላ ነገር አለ። እሱን ስትመጣ ነው የምነግርህ።

የተስተካከለ ሚዛን ላይ የምትመታውን ማኅተም ግን አልነካሁም። ማኅተም የአንተ ነው። ሳጥኑን አውጥቼ፣ ላዩ ላይ የለጠፍከውን አንብቤ፣ ጨርቁን መልሼ አለበስኩት። እሱንም ስትመጣ እናወራዋለን።

ትናንት ዐሥራ አምስተኛህ ነበር። ደም ሰጥተሃል ማለት ነው። ጥጡን ያዝክ? ቁጥሩን ወዲያው ጻፍልኝ፣ ሾፌሩን እንቅልፍ አሳጣዋለሁ።

ምላስህ


ሐሙስ፣ ጥቅምት 23

ምላሴ፣

ደብዳቤሽ ደርሶኛል። ሥጋ ሻጩን ማስታረቅሽ ጥሩ ነው። ጎበዝ።

እዚህ አየሩ ቀዝቅዟል። ያረፍኩበት ክፍል መስኮቱ አይዘጋም፣ ጋዜጣ ወትፌበታለሁ። ባቡር ነጂው ይስቃል።

የሱቁ የኪራይ ውል በታችኛው መሳቢያ በቢጫው አቃፊ ውስጥ ነው። የአንቺም ስም አለበት። አይተሽው እንደሁ ለማወቅ ነው። የደም ግፊትሽን መድኃኒት በየቀኑ ውሰጂ፣ ስታወሪ አትርሺው። ጥቁሩ ካፖርቴ ለአንቺ ሰፊ ነው ግን ትከሻው ቢቀነስ ይሆንሻል።

ሌላ አዲስ ነገር የለም።

ወንድምሽ


ቅዳሜ፣ ጥቅምት 25

ጋሼ፣

ዛሬ ሰላምታ የለም። ደብዳቤህን አራት ጊዜ አነበብኩት። በመጀመሪያው ስለ መስኮቱ ተናደድኩ። በሁለተኛው ስለ ካፖርቱ ግራ ገባኝ። በሦስተኛው ሱቁን ከፍቼ፣ ሚዛን ነክቼ፣ እምቢ ብዬህ ሳለ አለመቆጣትህን አየሁ። «ጎበዝ» አልከኝ። ሃምሳ ሁለት ዓመት ሙሉ ያለ ቁጣ ጎበዝ ብለኸኝ አታውቅም። በአራተኛው የሌለውን አገኘሁት። ቁጥሩ የለም።

እጽፋለሁ ብለህ ነበር። እስከ ሐሙስ ሳታውቀው አትቀርም፣ ስትጽፍልኝ ግን ዘለልከው።

እንግዲያው እኔም የዘለልኩትን ልጻፍልህ። የማኅተሙ ሳጥን ላይ የለጠፍከው ወረቀት ሁለት መስመር ነው። የመጀመሪያው «ለምላሴ» ይላል። ሁለተኛው «ከእኔ በኋላ»። በዚያ በማይንቀጠቀጠው እጅህ፣ እንደ ደረሰኝ ራስጌ አስተካክለህ የጻፍከው። ይህን ለጥፈህ፣ በጨርቅ ሸፍነህ፣ ሻንጣህን ይዘህ «በኅዳር እንገናኝ» ብለኸኝ ተሳፈርክ። እኔም በመስኮት እጄን ሳወዛውዝልህ እስቅ ነበር። ወረቀቶቹን ሌላ ትርጉም አትስጫቸው ትለኛለህ። ሌላ ትርጉም ካለው አንተው ስጠው።

አባታችን ሲታመም «ጉንፋን ነው» ብለህ ወደ ትምህርት ቤት ላክኸኝ። ዐሥራ አንድ ዓመቴ ነበር፤ ስመለስ ቤቱ በሰው ተሞልቶ ጠበቀኝ። ያኔ አንተም ልጅ ነበርክ፣ ይቅር ብዬሃለሁ። አሁን ግን ሁለታችንም አርጅተናል። ከአንተ ሌላ ወንድም የለኝም፣ ከእኔ ሌላ ሰው የለህም። ክፉም ቢሆን ቁጥሩን ጻፍ።

ምላስህ


ሰኞ፣ ጥቅምት 27

ምላሴ፣

ዜሮ ነጥብ አምስት ሁለት።

ይኸው ጻፍኩት። ከቤት ስነሳ ሦስት ስምንት ነበር። ዐሥራ አምስት ቀን ተቃጥዬ ወደ ላይ ወጣ።

ሐኪሟ ወጣት ናት። ለጆሮዬ ብላ በወረቀት ትጽፍልኛለች። «ጥሩ እየሄደ ነው። በመሀል የተወሰደ ቁጥር ብቻውን አይፈረድበትም። ዋናው፣ ሲያልቅ ከሦስት ወር በኋላ የምናየው ነው» ብላ ጻፈችልኝ። ለሁሉም እንዲህ ብለው ይጽፋሉ። በጨዋነት አጥፌ ኪሴ ከተትኩት። አርባ ዓመት ቁጥር ሳነብ ኖሬያለሁ፣ ከሦስት ስምንት አምስት ሁለት እንደሚበልጥ ማንም አያስተምረኝም።

ባቡር ነጂውን «የአንተስ?» አልኩት። «ወርዷል» አለኝና ፊቱን አዞረ።

ሽንቴ ያቃጥለኛል፣ በቀን ሦስት ጊዜ እንቅልፍ ይጥለኛል። ይህ የሚጠበቅ ነው ብለዋል። ቢሠራ ኖሮ እችለው ነበር። ለማይሠራ ነገር ለምን እዚህ ልድረቅ? ዛሬ ሃያ አንደኛዬን ወስጃለሁ። ከነገ ጀምሮ አልሄድም። ለሐኪሟ አልነገርኳትም፣ እሷ ላይ ምን አለኝ። ሐሙስ በአውቶቡሱ እመጣለሁ። የቀረኝን ጊዜ በራሴ ጠረጴዛ ላይ ባሳልፈው ይሻለኛል።

አልጋዬን አንጥፊልኝ። እንዳታለቅሺ። ለሰፈሩም እንዳታወሪ።

ወንድምሽ


ማክሰኞ፣ ጥቅምት 28፣ ጠዋት

ጋሼ፣

አልጋህን አላነጠፍኩም።

አልቅሻለሁ፣ እሱን አልደብቅህም። ዛሬ ማለዳ ሱቁን ከፍቼ ከጠረጴዛህ ፊት ተቀመጥኩ። እጄ ሥራ ሲያጣ አፌ ይብሳል፤ የሚሰማኝ ሰው ስለሌለ የመፈተሻ ብረቶቹን አወጣሁና አንድ በአንድ ጠረግኋቸው። የአንድ ኪሎው ብረት ላይ ስደርስ እጄ ቆመ።

ጋሼ፣ ሦስት ስምንቱን የመዘነው ማን ነው? የእኛ ሰፈር ክሊኒክ ማሽን። አምስት ሁለቱንስ? የዚያ ሆስፒታል ማሽን።

ሥጋ ሻጩና አትክልት ሻጯ።

አንተ ነህ እኮ በዚህ ሱቅ ውስጥ ሰው በሁለት ሚዛን መዝኖ ሲጣላ «መጀመሪያ አንዱን ምረጡ» እያልክ የምትመልሰው። አንተው ሄደህ ያንኑ አደረግህ። የራስህ ደም ሲሆን ጠፋህ።

በግምት ብቻ ነው የምታወራው እንዳትለኝ፣ ክሊኒኩ ሳይከፈት በሩ ላይ ቆሜ ነበር። የላብራቶሪዋ ሴትዮ ቁልፏን ሳታወጣ ያዝኳት። «የእናንተ ማሽንና የዚያኛው ሆስፒታል ማሽን አንድ ዓይነት ቁጥር ይሰጣሉ?» አልኳት። «የተለያየ ፋብሪካ ከሆኑ አይሰጡም። አንዱ ከፍ፣ አንዱ ዝቅ ሊያደርግ ይችላል። ለዚህ ነው አንድ ቦታ ተለኩ የምንለው» አለች። የትኛው ከፍ እንደሚያደርግ ግን አላወቀችም። እኔም አላውቅም። አንተም አታውቅም።

የሚያውቅ አንድ ነገር ብቻ አለ። የመጀመሪያው ቀን ደም።

ሁለት ቱቦ ወሰዱብኝ ብለህ በአምስት መስመር ያማረርክበት። ጨረሩ ሳይነካህ በፊት፣ በዚያው ሆስፒታል፣ በዚያው ማሽን የተመዘነ። ያ ደም የት ገባ? ምን አለ? አልጠየቅህም። ሦስት ስምንትን በደብተርህ ይዘህ ስለሄድክ ሌላ መነሻ ያለ አልመሰለህም።

አሁን ሻንጣህን አስቀምጥና ሂድ። ለዚያች ወጣት ሐኪም በወረቀት ጻፍላት፤ የመጀመሪያው ቀን ቁጥር ስንት ነበር በላት። አምስት ሁለት ወይም ከዚያ በታች ከሆነ እሺ፣ ሐሙስ ና። አልጋህን አነጥፋለሁ፣ የካፖርትህን ትከሻ አስቀንሳለሁ፣ አፌንም እዘጋለሁ፤ ይህን ቃል ለማንም ገብቼ አላውቅም። ከዚያ በላይ ከሆነ ግን ወርደሃል ማለት ነው፤ ሠላሳ ሦስቱን ሳትጨርስ ይህን በር አታንኳኳ። አልከፍትልህም።

እውነቱን ልንገርህ፣ የትኛው እንደሚሆን አላውቅም። ግን ካላወቅህ አትምጣብኝ።

ሾፌሩን ሐሙስ ቲኬት እንዳትሸጥለት ብዬዋለሁ።

«ይህ ሕገ ወጥ ነው» አለኝ።

«ሕክምና ነው» አልኩት።

ሞተሩን አስነስቶ ይጠብቀኛል። ሂድ አሁን።

ምላስህ


ሐሙስ፣ ጥቅምት 30

ምላሴ፣

አውቶቡሱ ሲደርስ በመስኮቱ አትፈልጊኝ። ወረቀቱ ብቻ ነው የመጣልሽ።

ማክሰኞ አልሄድኩም ነበር። ልብሴን አጣጥፌ ጨርሼ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጬ ሳለ ሾፌሩ ራሱ ደብዳቤሽን አመጣው። እስካነበው ድረስ አልሄድም አለ። «ሴትዮዋ ቆመህ አስነብበው ብላኛለች» አለኝ። ይህን በደብዳቤሽ ላይ አልጻፍሽውም።

ትናንት ጠዋት ሻንጣዬን እንደያዝኩ ገባሁ። ለሐኪሟ ጻፍኩላት። «የመጀመሪያው ቀን ደም፣ ስንት?» ፋይሉን ከፈተች። ገጽ ገለጠች። ሌላ ገጽ ገለጠች። ምላሴ፣ በዚያች ደቂቃ ሻንጣዬን ጭኔ ላይ አድርጌ እንደ ተማሪ ጨብጬው ነበር። ከዚያ ፋይሉን ወደ እኔ አዞረችልኝ፣ ጣቷንም ከቁጥሩ ሥር አደረገች።

ዜሮ ነጥብ ስድስት አንድ።

ስድስት አንድ ነበርኩ። አምስት ሁለት ሆኛለሁ። በዚህ ማሽን ሦስት ስምንት ሆኜ አላውቅም።

ደብተሬን አውጥቼ አሳየኋት። አየችው፣ ሻንጣውንም አየችው፣ ነገሩ ገባት። ተቆጥታ ጻፈች። «ጥሩ እየሄደ ነው ስልህ ለማባበል መሰለህ?» እኔም ከሥሩ «አዎ» ብዬ ጻፍኩ። ሳቀች፣ ከዚያ ወዲያው ሳቋን ትታ ሌላ መስመር ጨመረች። ይህም ቢሆን ትንሽ መውረድ ነው፣ ገና ፍርድ አይደለም፣ ከሦስት ወር በኋላ በዚሁ ማሽን ሲለካ ነው የሚታወቀው። ይህ ገባኝ። የሚዛኑ ሳህን ገና እየተወዛወዘ ነው፣ እኔም እየተወዛወዘ ሳለ ነው ያነበብኩት። ለደንበኛ ሁሉ ስናገር የኖርኩት ነገር ነው። በሁለት በኩል ተሳሳትኩ፣ ሁለቱም በራሴ ሙያ። ይህን ለማንም እንዳትነግሪ።

የቀረሁበት አንድ ቀን ከመጨረሻው ላይ ይጨመራል። ኅዳር ዐሥራ አራት እጨርሳለሁ።

ባቡር ነጂው ከነሻንጣዬ አግዳሚው ላይ ሲያየኝ «አውቶቡሱ አመለጠህ ወይስ አመለጥከው?» አለኝ። ለምን ያን ቀን ፊቱን እንዳዞረ ጠየቅሁት። የእሱ ወርዶ የእኔ ስለወጣ አፍሮ ነው።

ሾፌሩን ስለ ቲኬቱ አልጠየቅሁትም።

ወንድምሽ


ቅዳሜ፣ ኅዳር 2

ውድ ጋሼ፣

ደብዳቤህን መንገድ ላይ ቆሜ ነው ያነበብኩት። «ስድስት አንድ» የሚለው ላይ ስደርስ ሾፌሩን አቀፍኩት። ባለቤቱ ከፊት ወንበር ላይ ነበረች። አሁን እሷም የአንተን ቁጥር ታውቃለች፣ ለመግለጽ ተገድጄ ነው፤ ስለዚህ ለሰፈሩ አታውሪ ያልከው ሳይውል ሳያድር ፈርሷል። ይቅርታ። ስለ ሙያህ ስሕተት ግን ለማንም አልተናገርኩም። ለሥጋ ሻጩ ብቻ።

እንግዲህ ስትመጣ እነግርሃለሁ ያልኩትን አሁኑኑ ልናዘዝ፤ አንተ ከተናዘዝክ እኔ ለምን እቀራለሁ። የሥጋ ሻጩን ሚዛን ያን ቀን ካስተካከልኩ በኋላ ክዳኑን ዘጋሁና መልሼ ሳልፈትሽ ሰጠሁት። ክዳኑን ሳጠብቅ ብሎኑ ዞሮ ኖሯል። ለአንድ ሳምንት ሙሉ በኪሎ ሠላሳ ግራም እየጨመረ ለሰው ሥጋ ሲሸጥ ከረመ። እሱ ምን ያውቃል፣ ሰልፉ እስከ ማዶ ደረሰ። በሳምንቱ ስሕተቱን ሳገኘው ሮጬ ነገርኩት፣ አስተካከልኩለት፣ ከዘጋሁም በኋላ ሦስት ጊዜ ፈተሽኩ። አሁን ሰልፉ የለም። ትናንት መጥቶ ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? «እቴ፣ ያቺን የበፊቷን መልሺልኝ።»

ይህን ሁሉ ስጽፍ ደስ ብሎኛል፣ ግን የደስታዬን ልክ አውቃለሁ። ሦስት ወር አለ። ቤት ስትመጣ ስለ ቁጥሩ አልጠይቅህም፣ እዚህም ክሊኒክ ሄደህ በስርቆት አትለካም። ተስማማን?

የማኅተሙን ወረቀት ልልጠው ሁለት ጊዜ ሞከርኩ። እጄ እምቢ አለኝ። የለጠፈው ሰው ይላጠው።

ውሃህን ጠጣ።

ምላስህ


ሐሙስ፣ የካቲት 15

ምላሴ፣

ሦስት ወር አንድ ቤት ውስጥ ስንቀመጥ ስለ ቁጥሩ አንድ ቀን አላነሳሽም። ጠረጴዛው ላይ ጎን ለጎን ስንሠራ ልትናገሪ ትጀምሪና ብሎን ታነሻለሽ፤ አይቼሻለሁ። አንቺ ዝም ስትይ ያ ቤት ምን ያህል ሰፊ እንደሆነ ሳላውቅ ነው የኖርኩት። ሁለተኛ እንዲህ እንዳታደርጊ።

ሰኞ ደም ሰጠሁ። ጥጡን ራሴ ያዝኩ። ባቡር ነጂውም ለዚያው መጥቶ ነበር። አግዳሚው ላይ ያለ ውሃ ስንቀመጥ ሁለታችንም እግራችንን የት እንደምናደርገው ጠፋን።

ዛሬ ጠዋት ሐኪሟ ወረቀቱን ገልብጣ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው። ራሴ እንድገለብጠው ነው። ከመገልበጤ በፊት ደብተሬን አወጣሁና የሰፈራችንን ቁጥሮች በሙሉ በአንድ መስመር ሰረዝኳቸው። ከላይ ስድስት አንድ ብዬ ጻፍኩ፣ ከሥሩ አምስት ሁለት። ከዚያ ገለበጥኩት።

ዜሮ ነጥብ አንድ አንድ። በዚያው ሚዛን።

ገና ይወርድ ይሆናል አለች፣ ላይወርድም ይችላል። በየሦስት ወሩ እየመጣሁ እዚሁ እለካለሁ። «እስከ መቼ?» ብዬ ጻፍኩላት። «እስካለህ ድረስ» ብላ ጻፈች። መጀመሪያ ከበደኝ፣ ቆይቶ ግን ቃሉን ወደድኩት።

ነገ የምትሰጠኝ የመድኃኒት ወረቀት አለ፣ ስለዚህ የምመጣው ሰኞ ነው። እስከዚያ አንድ ሥራ አለሽ። በካቻቪቴው፣ በጉጠቱ፣ በሳጥኖቹ ላይ ያሉትን ወረቀቶች ሁሉ ላጪያቸው፤ አሁን አንቺም ታውቂያቸዋለሽ።

የማኅተሙን ሳጥን ወረቀት አትላጪው። መቀስ አምጥተሽ ሁለተኛውን መስመር ብቻ ቁረጪው። የመጀመሪያው እንደተለጠፈ ይቆይ።

ወንድምሽ